መጽሐፉ ውስጥ የሌለችው የመልካዋ ልጅ

ማሽኑ ሲቆም ፈለቀች ትደርሳለች። ጨርቁን አታይም፤ ጨርቁ ላይ የሚታየው ጉዳቱ እንጂ መነሻው አይደለም። በጀርባ በኩል ዞራ ጎንበስ ትላለች። ሁለት ሺህ የድር ክር ጎን ለጎን ተወጥሯል፤ ከሁለት ሺሁ አንዱ ተበጥሶ ጫፉ ተንጠልጥሏል። እሱንም በዓይኗ አትፈልገውም። የግራ መዳፏን ዘርግታ ክሮቹን እንደ ድመት ጀርባ ትዳብሳለች፤ የላላው ቦታ ሲደርስ ጣቷ ራሱ ይቆማል።

ወገቧ ላይ ከታሰረው የክር ጥቅል አንድ ክንድ ያህል ትመዛለች። የተበጠሰውን ጫፍ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ይዛ አዲሱን በላዩ ታጋድማለች። አንዱን በሌላው ጀርባ አዙራ ቀለበት ትሠራለች፤ ጫፉን በቀለበቱ ታሾልክና በጥፍሯ ተጭና ታጠብቃለች። ቋጠሮው ከሰናፍጭ ፍሬ አይበልጥም። ትርፉን በትንሽ መቀስ ትቆርጣለች። አስረዝማ ከቆረጠች የጎረቤቱን ክር ይይዛል፣ አሳጥራ ከቆረጠች ይፈታል፤ ልኩ የስንዴ ፍሬ ግማሽ ነው። ከዚያ ቀጭን መንጠቆ ድሩን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ሽቦ ዓይን አስገብታ ክሩን ትስባለች፣ ቀጥሎም በብረት ማበጠሪያው ጥርሶች መካከል ታሳልፈዋለች፤ በራሱ ክፍተት፣ በሌላ አይደለም። ወጥራ ይዛ በቀኝ እጇ ለሸማኔው ምልክት ስትሰጥ ማሽኑ ይነሣል። መወርወሪያው አሥር ጊዜ እስኪመላለስ ቆማ ታያለች። ጨርቁ ላይ ምንም አይታይም። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

አዳራሹ ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን መቶ ሃያ አለ። ሁሉም ሲሠራ የሰው ድምፅ የሚባል ነገር የለም፤ ጆሮ ላይ አፍ ገጥመው ቢጮኹም አይሰማም። አዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ሳምንት ራሱን ይዞ ነው የሚወጣው። ሁለተኛው ወር ላይ ግን አንድ ነገር ይሆናል፤ ጩኸቱ ዝምታ ይመስላል። የጥጥ ብናኝ ከጣራው መስኮት በሚገባው ብርሃን ውስጥ ቀስ ብሎ ይዋኛል፣ ቅንድብና ሽፋሽፍት ላይ ያርፋል። ሰዎቹ በዚያ ነጭ አየር ውስጥ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያለ ድምፅ ያወራሉ። ከንፈር ማንበብን ማንም አያስተምርም፤ ሁሉም ይለምደዋል። ርቀት ሲኖር እጅ ይጨመራል። ጣት አፍንጫ ላይ ሲሆን ካቦው መጣ ማለት ነው፤ መዳፍ ሆድ ላይ ሲሆን ምሳ ደረሰ። ሐሜቱም፣ ፍቅሩም፣ የሠርጉ ወሬም በዚሁ ነው የሚሄደው።

ፈለቀች የተወለደችው አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው፤ አባቷ ሐዲድ ጠጋኝ ነበሩ። በ1951 ዓ.ም. አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት የአቃቂው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባች። ጣቷ ቀጭን፣ ትዕግሥቷ ረጅም ስለሆነ ክር ቀጣይ አደረጓት። ክር ቀጣይ የራሱ ማሽን የለውም። አንዱ ጋ ሲበጠስ ወደዚያ፣ ሌላው ጋ ሲበጠስ ወደዚህ፤ ሲውል አዳራሹን ሙሉ ይዞራል። ስለዚህ ወሬን ከጫፍ እስከ ጫፍ የምታደርሰው እሷ ነበረች። ያደረሰችው ወሬ ደግሞ እንደ ቋጠሮዋ ይታመን ነበር። «ፈለቀች ናት ያለችው» ከተባለ ነገሩ አለቀ።

በ1956 ዓ.ም. ከፈትል ክፍሉ በኩል አንድ ነገር ተሰማ። የዚያ ክፍል ግምጃ ቤት ጸሐፊ አምባው የሚባል ሰው «የጉሙ ንጉሥ» የሚሉ አምስት ትንንሽ መጻሕፍት ገዝቶ በምሳ ዕረፍት ጮክ ብሎ ያነባል። ታሪኩ እንዲህ ነው። በአንድ አገር ላይ ጉም ወረደ፤ ጉሙ ሲነሣ የሰው ሁሉ ድምፅ አብሮ ሄዷል። ድምፁን የጉሙ ንጉሥ በእንስራ እንስራ ከድኖ ዋሻ ውስጥ አስቀምጦታል። ጌራ የሚባል ወጣት ብቻ ያን ቀን የእህል ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ስለነበር ድምፁ ተረፈለት፤ በባዶ እግሩ ሰባት በር አልፎ የአገሩን ድምፅ ሊያመጣ ይሄዳል።

ድምፅ የሌለበት አገር! የሽመናው አዳራሽ ይህን ሲሰማ ታሪኩ የራሱ ሆነ። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ፈትል ክፍሉ ምሳ የሚወጣው በስድስት ሰዓት፣ ሽመናው በሰባት። ሸማኔ ማሽኑን ትቶ አይወጣም። ከአዳራሹ ሹልክ ማለት የምትችለው ፈለቀች ብቻ ነበረች።

ካቦ ወልደየሱስን ለመነቻቸው። ካቦው የአዳራሹን ማሽኖች ከተከሉት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ ፂማቸው ውስጥ ጥጥ የማይጠፋ ትልቅ ሰው።

«ሩብ ሰዓት» አሉ። «ክር ቢበጠስ በአንቺ ነው። ደግሞ ለእኔም ትነግሪኛለሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ሰምታ ትመለስና ከማሽን ማሽን እየዞረች፣ ክር እየቀጠለች፣ ታሪኩን በከንፈሯና በእጇ ታደርስ ነበር። አንዱ ጋ የጀመረችውን ሌላው ጋ ትጨርሳለች፤ እነሱም እርስ በርስ ይሞላሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መቶ ሃያው ማሽን ጌራ የት እንዳደረ ያውቃል።

ሁለተኛው መጽሐፍ መካከል ጌራ ወንዝ ዳር ደረሰ። ወንዙ ሞልቶ ነበር። አምባው እዚህ ላይ ሲደርስ ፊሽካ ተነፋ። በማግስቱ አምባው አልመጣም፤ ወባ ይዞት ነበር። መጽሐፉም አብሮት ቤቱ ተኛ።

አርባኛው ማሽን ላይ ለሜሳ የሚባል ሸማኔ አለ፤ ቀልደኛ ነው። ፈለቀች ባለፈች ቁጥር ከንፈሩን ያሾላል። «ተሻገረ?»

«ገና ነው።»

በሁለተኛው ቀን «ተሻገረ?» «ገና።» በአራተኛው ቀን ለሜሳ ማሽኑን ትቶ ሁለት እጁን አነሣ። «ይኼ ሰውዬ በብርድ ሊሞት ነው እኮ! አንቺ ልብ የለሽም እንዴ? እናት የለውም?»

ፈለቀች ሳቀች። ስትስቅ አንድ የልጅነት ነገር ዓይኗ ላይ መጣ። በክረምት የአቃቂ ወንዝ ሲሞላ፣ መልካው፣ መሻገሪያው ላይ፣ ልብስ የምታጥብ አንዲት ሴት ነበረች። ውሃው ስለሚያጓራ ተናግራ አታሻግርም። ማዶ ሆና የሚረገጠውን ድንጋይ በጣቷ ታሳያለች፤ አንዱን ብቻ። እሱን ስትረግጥ ነው ሁለተኛውን የምታሳየው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ብታሳይ ሰው ይደናገራል።

«አንዲት ልጅ መጣች» አለችው ለለሜሳ። «ድምፅ የላትም። ስትወለድም ጀምሮ የላትም፤ ስለዚህ ጉሙ የሚወስድባት ነገር አላገኘም። መልካው ላይ ቆማ ድንጋዩን አንድ በአንድ አሳየችው።»

ለሜሳ ዞሮ ለጎረቤቱ በእጁ አሳየ። ፈለቀች ወደ ሰባኛው ማሽን ስትደርስ የመልካዋ ልጅ ቀድማት ደርሳ ነበር፤ በሌላው መደዳ አልፋ።

አምባው በአሥራ አንደኛው ቀን ዳነና ንባቡን ቀጠለ። «ጌራ ሦስት ቀን ጠበቀ፤ ውሃው ሲጎድል ተሻገረ።» በቃ፤ ይኸው ነው። ፈለቀች ጉርሻዋን ይዛ ደርቃ ቀረች። ገብቼ አስተካክላለሁ ብላ ተነሣች። የአዳራሹን በር ስትከፍት መሰለች የምትባለው ጓደኛዋ ከማሽኗ ላይ ቀና አለች። «ዛሬስ የት ደረሱ?» አለቻት። «ደረሰ» አላለችም፤ ጌራ ብቻውን መሆኑ ቀርቷል። ያን ቀን በመሰለች ፊት ላይ የነበረውን ጉጉት ፈለቀች ማጥፋት አልቻለችም።

«ሁለተኛው በር ደረሱ» አለቻት።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ክር ትይዝ ጀመር፤ አምባው ያነበበውን አንዱን፣ የራሷን ሌላውን፤ ሁለቱን አንድ ላይ ትቋጥራለች፤ ቋጠሮው አይታይም። በሦስተኛው በር የመልካዋ ልጅ የበሩን ጠባቂ፣ የተናጋሪውን ጅብ ጥላ በእጇ ሠርታ ራሱን ጅቡን አስፈራራችው። በአምስተኛው በር እሳት በሌለበት ቤት ውስጥ እጇን አሙቃ ለጌራ ሰጠችው። ዋሻው ሲደርሱ እንስራዎቹን ጆሮዋን ሳይሆን መዳፏን እያስጠጋች የማን ድምፅ የቱ ውስጥ እንዳለ ለየች። አዳራሹ ሙሉ አመናት። በሰማይ ታምር የምትሠራ ሳትሆን ከእነሱ አንዷ ነበረች።

አምባው በ1957 ዓ.ም. ሥራ ለውጦ ወደ ድሬዳዋ ሄደ፤ መጻሕፍቱንም ይዟቸው ሄደ። አዳራሹ ውስጥ መጽሐፉ ማለት ፈለቀች ማለት ሆነ። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ከመጀመሪያው ትነግረዋለች።

በ1960 ዓ.ም. ለሜሳ ከከተማ ወሬ ይዞ መጣ። «የጉሙ ንጉሥ» በቴሌቪዥን ሊታይ ነው፤ አንድ የተውኔት ቡድን በስድስት ቅዳሜ ከፋፍሎ ያቀርበዋል፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። በሠራተኞች ክበብ ውስጥ አራት እግር ያለው የእንጨት ሣጥን የመሰለ ቴሌቪዥን ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሸማኔውም ፈታዩም ከነልጁ መጥቶ መቀመጫ ጠፋ።

መጀመሪያ ደስታ ነበር። ሣጥኑ ሲከፈት ነጭ ነገር ሙሉውን ይንቦገቦጋል፣ በመካከሉ ሰዎች እንደ ሕልም ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። «ጉሙን እንዴት አድርገው ሠሩት!» አሉ፤ አጨበጨቡ። ተውኔቱ አልቆ ዜና አንባቢው ሲመጣ ግን እሱም ጉሙ ውስጥ ነው።

«እሱንም ድምፁን ሊወስዱበት ነው» አለ ለሜሳ። የአንቴናው ችግር መሆኑን ያን ጊዜ አወቁ።

ቀጥሎ ቅሬታው መጣ። ጌራ ጫማ አድርጓል! «ሰባት በር በባዶ እግሩ ያለፈ ሰው፣ ይኼማ ቢሮ የሚገባ ነው» አሉ ፈታዮቹ። ገና ከመጀመሪያው ከሩቅ የሚታየው ጅብ በበግ ቆዳ የተጠቀለለ ሰው ነው። «ጅብ ነው ወይስ ብርድ የያዘው በግ?» አለች ከፈትል ክፍል አደሴ። እንስራዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው። የአንድ አገር ድምፅ ሦስት እንስራ ውስጥ! ሸማኔዎቹ ደግሞ ሌላው የማያየውን ያያሉ፤ ከንፈር ያነባሉና። ንጉሡ ጀርባውን ሊያዞር ሲል አጠገቡ ላለው ተዋናይ በሹክሹክታ «ቀጥል፣ ቀጥል፣ ረስቼዋለሁ» ማለቱን ያዙበት። ከዚያ ወዲያ ሸማኔ ሁሉ ንጉሡን ባየ ቁጥር ይስቅ ጀመር፤ ፈታዮቹ ለምን እንደሚስቁ ስለማይገባቸው ተናደዱ።

ቢሆንም ሸማኔዎቹ ሁሉንም ይቅር ሊሉ ዝግጁ ነበሩ። የሚጠብቁት ሦስተኛውን ቅዳሜ ነው፤ ወንዙን። መሰለች አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ ፊት ተቀመጠች። ፈለቀች ከኋላ፣ ከግድግዳው ተጣብቃ ቆማለች። አራት ዓመት ሙሉ ይህች ቀን እንደማትመጣ ነበር የምታስበው። ማን መጽሐፉን አግኝቶ ያመሳክራል? አሁን ግን መጽሐፉ ራሱ ተነሥቶ ወደ ሰዎቹ ፊት ሊመጣ ነው።

ሁለት ሰዎች ሰማያዊ መሆን ያለበትን ጨርቅ በሁለት ጫፍ ይዘው አወዛወዙ። ጌራ ዳር ላይ ቆመ። «ሦስት ቀን ጠበቅሁ» አለ። ጨርቁ ዝቅ አለ። ተሻገረ።

ከዚያ ክበቡ ተገለበጠ።

«የመልካዋ ልጅስ?»

«የት አደረሷት?»

«ሴት ስለሆነች ነዋ! ለሴት ደመወዝ ላለመክፈል ነው!» አለች መሰለች ቆማ።

«የቷ ልጅ?» አለች አደሴ ከፈታዮቹ በኩል። «እኛ ከአምባው አፍ ነው የሰማነው። ልጅ የሚባል የለም።»

«እናንተማ ምሳችሁን በልታችሁ እያንቀላፋችሁ ነው የሰማችሁት!» አለ ለሜሳ። «ፈለቀች ትናገር! አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። ፈለቀች የት ናት?»

ሁሉም ዞረ። ፈለቀች ቃል አልወጣትም። አለመናገሯን ንዴት ነው ብለው ተረዱት።

በሰኞው የሽመናው አዳራሽ አቤቱታ ተጻፈ። የጻፈው ለሜሳ ነው፤ ከሸማኔዎቹ መጻፍ የሚችለው እሱ ነው። «እኛ ከዚህ በታች ስማችንና የጣት አሻራችን የሚገኝ የሽመና ሠራተኞች፣ ከታሪኩ ውስጥ ያላግባብ የተሰረዘችው የመልካዋ ልጅ ወደ ቦታዋ እንድትመለስልን በትሕትና እናመለክታለን።» ሰማንያ ሦስት ሰው አሻራውን አኖረ። ካቦ ወልደየሱስ ራሳቸው ከላይ ፈረሙ። ሐሙስ ጠዋት፣ ለግማሽ ቀን ከሥራ ተፈቅዶላቸው፣ ሦስት ሰው ወደ ተውኔት ቡድኑ እንዲሄድ ተወሰነ፤ ካቦው፣ ለሜሳና ፈለቀች።

ፈለቀች ረቡዕ ዕለት ካቦውን በር ላይ ጠበቀቻቸው። «ጋሼ፣ እኔ ብቀርስ?»

«አንቺ ካልሄድሽ ማን ይሄዳል? ታሪኩን ከአንቺ በላይ ማን ያውቃል?» አሉና ትከሻዋን ነካ አደረጓት። «አትፍሪ። እውነት ይዘን ነው የምንሄደው።»

ይህን ካሏት በኋላ እንቅልፍ የሚባል አልነበራትም። ብትናገር ሰማንያ ሦስት ሰው የፈታዮች መሳቂያ ይሆናል፤ እሷን ደግሞ ከእንግዲህ ማንም አያምናትም። ባትናገር ሰዎቹ መጽሐፉን መክፈታቸው አይቀርም።

የተውኔት ቡድኑ ቢሮ ከአንድ አዳራሽ ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ነበር። መደርደሪያው ላይ የጅቡ ራስ ተቀምጧል፤ ከወረቀትና ከሙጫ የተሠራ። የቡድኑ ኃላፊ አቶ ካሳሁን የደከማቸው፣ ትሑት ሰው ናቸው። አቤቱታውን እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ አሻራዎቹን ሁሉ ሳይቀር አዩ።

«ያለን አንድ ክፍል፣ አንድ ካሜራ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው» አሉ። «ያያችሁት ወንዝ የባለቤቴ የአልጋ ልብስ ነው። ጫማውንም ልክ ናችሁ፤ ወለሉ ሚስማር አለበት። የአገር ሰው ሁሉ ደብዳቤ ጽፎልኛል፤ የእናንተን ያህል ያሳዘነኝ ግን የለም። ብቻ ይህችን ልጅ አላስታውሳትም።» መሳቢያ ከፈቱና አምስቱን መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። «እስቲ ገጿን አሳዩኝ።»

ለሜሳ ሁለተኛውን አነሣ። ጣቱን ከመስመር በታች እያስኬደ በዝግታ ያነባል። ፈለቀች ማንበብ አትችልም፤ ግን ያ ጣት የት እየሄደ እንደሆነ ታውቃለች። ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ለጸጥታ አልተፈጠረችም፤ ጆሮዋ ውስጥ የማሽኑ ድምፅ ብቻውን ይሠራል።

«ሦስት ቀን... ጠበቀ... ውሃው ሲጎድል ተሻገረ» አለ ለሜሳ። ገጹን ገለበጠ፤ መለሰ፤ እንደገና ገለበጠ።

«ተገንጥሎ ይሆናላ!» አሉ ካቦ ወልደየሱስ። «የገጹን ቁጥር እየው።»

ለሜሳ አየ። ቁጥሩ አልተዘለለም።

«ሌላ እትም ይኖር እንደሆነ እጠይቃለሁ» አሉ አቶ ካሳሁን በደግነት። «አንዳንድ ጊዜ ማተሚያ ቤት ያሳጥራል። ምናልባት እናንተ የሰማችሁት ሙሉው ይሆናል።»

በሩ ይኸው ተከፈተላት። ዝም ብትል በቃ፤ ሌላ እትም ነበር ተብሎ በክብር ይመለሳሉ። ካቦው ፊታቸው መብራት ጀምሯል። ያ ፊት ነው አላስችል ያላት።

«አይድከሙ ጌታዬ» አለች። «በየትኛውም እትም የለችም። እኔ ነኝ ያስገባኋት። አምባው ታሞ ነበር፤ ሰው ወንዝ ዳር ቆሞ ቀረብኝ። ከዚያ ማውጣት አቃተኝ።»

ለሜሳ መጽሐፉን ቀስ ብሎ ዘጋው። ካቦ ወልደየሱስ አቤቱታውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ፣ አራት ቦታ አጠፉ፣ ኪሳቸው ከተቱ።

አቶ ካሳሁን መጻሕፍቱን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። «ከወንዙ በኋላስ ምን አደረገች?» አሉ።

«ለእርስዎ መንገሩ አይከብደኝም ነበር» አለች ፈለቀች። «ግን ለእነሱ የማን እንደሆነች ሳልነግር ለሌላ ሰው አላወራትም።»

በአውቶቡስ ተመለሱ። ቃሊቲ ላይ ካቦው በመስኮቱ እያዩ «እውነት ይዘን ነው የምንሄደው ብዬሽ ነበር» አሉ።

አዳራሹ ውስጥ ወሬው ከለሜሳ ከንፈር ተነሥቶ እንደተለመደው ከእሷ በፊት ደረሰ። በሌላ ቦታ ሰው ሲቀየም ይሰድባል ወይም ይዘጋል። እዚያ ግን ቅያሜ አንድ መልክ ነው ያለው፤ ፊት ማዞር። ከንፈሩን ያዞረብህ ሰው ድምፁን ወስዶብሃል። ፈለቀች ክር ሲበጠስ ትሄዳለች፣ ትዳብሳለች፣ ትቋጥራለች፣ ትቆርጣለች፤ ሸማኔው ጨርቁን ያያል። መቶ ሃያ ማሽን፣ መቶ ሃያ የዞረ ፊት። ቅዳሜ ከሰዓት ላይ የጥጡ ብናኝ ከበፊቱ ይልቅ የወፈረ መሰላት፤ ሰዎቹ በውስጡ እየራቁ፣ እየራቁ ሄዱ።

ሰኞ መሰለች በር ላይ ያዘቻት። ከአዳራሹ ውጭ ስለሆኑ በድምፅ ነበር የተናገረችው፤ የመሰለች ድምፅ ቀጭን መሆኑን ፈለቀች ረስታው ነበር።

«ባሌ ጥሎኝ የሄደ ጊዜ ምን ነበር ያልሽኝ? የመልካዋ ልጅ አንድ ድንጋይ ብቻ ነው የምታሳየው፣ ሁለተኛውን እሱን ስትረግጪ ታይዋለሽ አላልሽኝም? መጽሐፉ ላይ አለ አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«እኔ እኮ የተማረ ሰው የጻፈው ነው ብዬ ነው የተጽናናሁት! ያንቺ ነው ብትይኝ አንቺም እንደኔ ነሽ፣ ምን ታውቂያለሽ እልሽ ነበር!»

«እኔም ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ» አለች ፈለቀች። «ስትረግጪው ግን ድንጋዩ አልጸናልሽም?»

መሰለች ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ስባ ገባች።

የዚያ ቀን ከሰዓት አርባኛው ማሽን ላይ ክር ተበጠሰ። ፈለቀች ሄዳ ሥራዋን ሠራች፣ ለሜሳ እንዲያስነሣ ምልክት ሰጠች። ለሜሳ አላስነሣም። ፊቱን ቀና አደረገ።

«ቅዳሜ አራተኛውን አይተሻል?»

«ከውጭ ሆኜ በመስኮት።»

«ብቻውን ነው ጅቡን ያሸነፈው። በጫማው ረግጦ!» ለሜሳ ራሱን ነቀነቀ። «እሷ ያን ጊዜ የት ነበረች?»

ፈለቀች መሰለች ከሁለት ማሽን ወዲያ እያየቻቸው መሆኑን አወቀች። ካቦ ወልደየሱስም ከመደዳው ጫፍ ቆመዋል፤ ፊታቸው ወደ እሷ ነው። መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች። «ይኼ የእኔ ነው» አለች፤ ከንፈሯን ሁሉም እንዲያይ እያሰፋች። «መጽሐፉ አይለውም፣ ቴሌቪዥኑም አይለውም። የእኔ ነው።»

«አውቀናል» አለ ለሜሳ። «ቀጥይ።»

በቀሩት ሳምንታት ቅዳሜ ቅዳሜ ክበቡ ሄደው ይናደዳሉ፤ ሰኞ ሰኞ ፈለቀች ቴሌቪዥኑ የዘለለውን ትሞላለች። ፈታዮቹ ሳይቀሩ አደሴን ልከው ያስጠይቁ ጀመር። አደሴ ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ታሳስባለች፤ «ከመጽሐፉ ያለውን መጀመሪያ ንገሪኝ፤ የአንቺን ከዚያ።» ፈለቀች በዚህ ተስማማች፤ ይሻላልም አለች።

አሁን 1965 ዓ.ም. ነው። ፈለቀች አሁንም ክር ትቀጥላለች፤ ቤቷ አቃቂ በሰቃ ነው። ማታ መጻፍና ማንበብ ተምራለች፤ ሁለተኛውን መጽሐፍ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ሰው አግኝታ ያችን መስመር ራሷ አንብባታለች። አጭር ናት፤ ግን ክፉ መስመር አይደለችም፤ ሦስት ቀን መጠበቅም ቀላል ነገር አይደለም ትላለች።

የመልካዋ ልጅ ወሬ ከአዳራሹ ወጥቶ ቃሊቲ፣ አልፎም ከተማ መድረሱን ሰምታለች። መጽሐፉን ገዝተው ልጅቷን ያጡ ሰዎች ደራሲው ቆርጦ አስቀራት እያሉ እንደሚናደዱም ነግረዋታል። ስለዚህ ይህን ለሚያነብ ሁሉ አንድ ልመና አላት፤ እንዲህ ትላለች። መጽሐፉን አንብባችሁ ልጅቷን ብታጡ ሰውዬውን አትውቀሱት፤ እሱ ያለውን ጽፏል። ለልጆቻችሁ ስታወሩ ሁለቱንም አውሩላቸው፤ ጌራ ሦስት ቀን ጠብቆ መሻገሩንም፣ ልጅቷ ማሻገሯንም። ብቻ የቱ የማን እንደሆነ ንገሯቸው። የእኔ የሆነውን የፈለቀች ነው በሉ፤ የእናንተ የሆነውንም የእኛ ነው በሉ፤ ሳትፈሩ።